ኑሮ ሲወደድ የደመወዝተኛ ቤት ገንዘብ አያያዝ፦ ከጤፍ ግዢ እስከ አክሲዮን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ባንኮች ለቁጠባ ሊከፍሉት የሚገባው ዝቅተኛ ወለድ ግን በ2010 ዓ.ም. የተወሰነው 7 በመቶ ነው። ዋጋ ከወለድ ሲፈጥን ገንዘብ ቁጭ ባለበት ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ላትርፍ?» ሳይሆን «የት እየፈሰሰብኝ ነው?» መሆን አለበት። ለደመወዝተኛ ቤት ከአክሲዮን በፊት ጎተራውና እቁቡ ይቀድማሉ።

የራሳችሁን ቤት የዋጋ ጭማሪ ለኩ

በዜና የሚነገረው ቁጥር የአገር አማካይ ነው፤ የእናንተ ቤት ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ገንዘብ የሚበሉትን አሥራ ሁለት ነገሮች ለዩ፦ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ እያላችሁ። በወር የምትገዙትን መጠን ሳትቀይሩ በአምናና በዘንድሮ ዋጋ ደምሩ። አምና 9,000 ብር የወጣበት ዘንድሮ 10,350 ከሆነ የቤታችሁ ጭማሪ 15 በመቶ ነው። ዋጋውን ሁልጊዜ በኪሎ ወይም በሊትር ጻፉ። ዳቦ ዋጋው ሳይነካ ግራሙ ሲቀንስ ጭማሪው ከዓይን ያመልጣል።

ገቢያችሁንም በተጣራው አስሉ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። የ15,000 ብር ደመወዝ 3,200 ብር ግብርና 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 1,050 ብር፣ ተቀንሶለት 10,750 ብር እጅ ይገባል። የደመወዝ ጭማሪ ስትደራደሩም ከዚህ ተነሡ። ከ14,000 በላይ የምትጨመረው 1,000 ብር ግብርና ጡረታ ወጥቶላት የምትተርፈው 580 ብር ብቻ ናት።

መጀመሪያ የስልክ ብድሩን ዝጉ

በስልክ የሚገኝ የአጭር ጊዜ ብድር ክፍያው ትንሽ ይመስላል። 5,000 ብር ለአንድ ወር ተበድራችሁ የአገልግሎት ክፍያው 400 ብር ቢሆን በወር 8 በመቶ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከተደጋገመ 96 በመቶ። ይህን የሚያካክስ ኢንቨስትመንት አይገኝም። እንዲህ ያለ ዕዳ እያለባችሁ መቆጠብም አክሲዮን መግዛትም ኪሳራ ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ግቡበት፤ አብዛኞቹ የቆጠባችሁትን ብዙ እጥፍ በተሻለ ወለድ ያበድራሉ። የብድር ጣሪያውን፣ የዋስ ብዛቱንና ከማኅበሩ ስትወጡ ቁጠባው በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

ተከራይ ከሆናችሁ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን እወቁት። የኪራይ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት ከሚያስታውቀው ጣሪያ ሳያልፍ ነው። ኪራዩን በባንክ ወይም በስልክ ክፈሉ፤ ክርክር ቢነሣ ደረሰኙ ይመሰክራል።

ጤፍ በጥር

እህሉ ተወቅቶ ገበያ የሚገባው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋው እየከበደ ሄዶ በክረምቱ ይንራል። ለምሳሌ በጥር 13,000 ብር የተገዛ ኩንታል ነሐሴ ላይ 15,000 ቢገባ፣ በሰባት ወር ውስጥ 15 በመቶ ያህል ከወጪ ድናችኋል ማለት ነው። ያው 13,000 ብር ባንክ ቢቀመጥ በሰባት ወር የሚያስገኘው 530 ብር ገደማ ነው። እህልን በወቅቱ ገዝቶ በማስቀመጥ የሚገኘው ጥቅም ግብር የለበትም፤ ደላላም አይካፈለውም። ያላችሁ ገንዘብ ለሁለት ኩንታል ካልበቃ ከጎረቤት ጋር አዋጥታችሁ ግዙ። በብድር ግን አትግዙ፤ የብድሩ ክፍያ ትርፉን ይበላዋል።

ስትገዙ ከፊታችሁ ይመዘን። «ኩንታል» የተባለ ጆንያ ሁሉ መቶ ኪሎ አይሞላም። ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሀልና ከሥር ዝገኑ፤ ነጩ ላይ ሰርገኛ የሚደባለቀው እዚያ ነው። አንድ እፍኝ በወንፊት ንፉና የሚወርደውን አፈርና አሸዋ እዩ። በአካባቢያችሁ የሸማቾች ማኅበር ወይም የእሁድ ገበያ ካለ የኪሎ ዋጋውን መጀመሪያ እዚያ አጣሩ።

ጤፍ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። ጆንያውን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ደርድሩ። የአንድ ወሩን ብቻ አስፈጩ፤ ዱቄት እንደ እህሉ አይቆይም። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ግን ነቀዝ ይበላቸዋል። አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ደህና አድርጋችሁ አድርቃችሁ፣ አፉን እየጠመዘዛችሁ አንድ በአንድ እሰሩ፤ ለጥቂት ሳምንታት አትክፈቱት። አየሩ ሲያልቅ ነቀዙ ይሞታል። በምንም ምክንያት የነቀዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት አታስገቡ። የሚወጣው ጋዝ ቤተሰብ ይፈጃል። የበርበሬ ዛላ ስትጨብጡት ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም፤ ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬ ደግሞ ታጥቦም ሆነ ተቆልቶ መርዙ አይለቅም።

እቁብ፦ ዕጣው የሚደርስበት ጊዜ ያለው ዋጋ

አሥራ ሁለት ሰው በወር 3,000 ብር የሚጥልበት እቁብ ውሰዱ፤ ዕጣው 36,000 ነው። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ቢጨምር፣ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው የሚቀበለው 36,000 ብር በመጀመሪያው ወር ዋጋ 31,700 ብር ያህል ብቻ ይገዛል። በየወሩ የጣለው በዚያው ሚዛን ሲሰላ 33,800 ገደማ ነው። ስለዚህ 2,100 ብር ያህል ከስሯል፤ የመጀመሪያው ባለዕጣ ደግሞ 2,200 ያህል አትርፏል። የማንም ጥፋት አይደለም፤ የዋጋ ንረት ሥራ ነው።

እቁብን ግን አልነቅፍም፤ ሳያስገድዱት የማይቆጥብ ብዙ ሰው አለ። አጭር ዙር ያለውን ምረጡ፤ ከዓመት በላይ የሚሄደውን ተዉ። አባላቱ ከተስማሙ ዕጣ መለዋወጥ ይቻላልና የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት በነሐሴ፣ ጤፍ የሚገዛ በጥር እንዲወስድ ተነጋገሩ። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብር እንዳይወስድ በሕገ ደንቡ ይጻፍ፤ እቁብ የሚፈርሰው አስቀድመው የወሰዱት መጣል ሲያቆሙ ነው። ዕጣው የደረሳችሁ ቀን ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ቀድሞ የተወሰነ ይሁን።

ባንክ፣ ግምጃ ቤት ሰነድ፣ አክሲዮን

የሦስት ወር መሠረታዊ ወጪ፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ በቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ። በሽታና ሥራ ማጣት ቀጠሮ አይሰጡም። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ባንኮች ላይ አከፋፍሉ። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለዱ በድርድር ነው። ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቁ፤ ከጊዜው በፊት ቢወጣ ወለዱ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።

የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ወረቀት፣ በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን ይወጣል። የሚሸጠው በቅናሽ ነው። ለ364 ቀን 87 ብር ከፍላችሁ 100 ብር ብትቀበሉ ትርፉ 13 በመቶ አይደለም፤ 13 ለ87 ሲካፈል 15 በመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህን ውጤት ከላይ ከለካችሁት የቤታችሁ ጭማሪ ጋር አስተያዩት።

አክሲዮን ለማይቸኩል ገንዘብ ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ማለትም በ9,900 ብር ለሕዝብ አቅርቧል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ደግሞ በጥር 2017 ተከፍቶ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የተመዘገበ አክሲዮን መሸጫ ቦታ አለው፤ ያልተመዘገበውን ለመሸጥ ገዢ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የባንክ አክሲዮን «25 በመቶ ትርፍ ከፍሏል» ሲባል ስሌቱ አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ እንጂ እናንተ በገዛችሁበት አይደለም። የ1,000 ብሩን አክሲዮን በ1,800 ከገዛችሁት 250 ብሩ ለእናንተ 14 በመቶ እንኳ አይሞላም። ባንኮች ካፒታላቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ ስለታዘዙም ትርፉ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በአክሲዮን ሊሰጥ እንደሚችል ጠይቁ።

ወርቅ ዋጋ ይይዛል፤ ጌጥ ግን ስትገዙት የሠሪው የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል፤ ስትሸጡት በግራም ብቻ ይመዘናል። ልዩነቱን ለመሸፈን ዓመታት ይፈጃል።

በቴሌግራም «በቀን 1 በመቶ» የሚል ሲመጣ አስሉት፦ በ70 ቀን እጥፍ፣ በዓመት ከ37 እጥፍ በላይ ይሆናል። እንዲህ የሚያተርፍ ንግድ የለም፤ የፊተኛው የሚከፈለው ከኋለኛው ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ትንሽ የሚመልሱት ብዙ እንድታስገቡና ዘመድ እንድትጠሩላቸው ነው። አስቀምጥ የሚላችሁ ተቋም ከብሔራዊ ባንክ፣ አክሲዮንና ሰነድ የሚሸጥላችሁ ደግሞ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው፣ ከራሱ ከተቋሙ ሳይሆን ከፈቃድ ሰጪው አረጋግጡ።