ጀልባችንን ያሰጠማት ነፋስ አልነበረም

ጅማ ተቀምጦ ስለ ጀልባና ስለ ወጀብ የሚያወራ ሰው ብሰማ ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። በአዲስ አበባ መንገድ ወጥታችሁ አሰንዳቦ አካባቢ ስትደርሱ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ የፈጠረው ነው። ሰዎች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዱበታል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ እዚያ አንዲት ጀልባ በጋራ አለችን። የአካባቢው ሰው ጀልባን ቢዲሩ ይላል።

ከሁለት ክረምት በፊት በነሐሴ አጋማሽ ላይ አስረናት ወደ ከተማ ገባን። ሥራ ያዘንና በአሥረኛው ቀን ተመለስን። ከውኃው በላይ የሚታየው የኋላ ጫፏ ብቻ ነበር። «ነፋስ ገልብጧት ነው» አልን። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ገመዱን አይተው ሳቁብን። «ልጆቼ፣ እናንተው ናችሁ ያሰጠማችኋት» አሉ። ልክ ነበሩ። ያጠፋነውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ገመድን አሳጥሮ ማሰር

ዋናው ጥፋታችን ይሄ ነው። «እንዳትንቀሳቀስ» ብለን ከዳር ከተተከለ እንጨት ጋር ጥብቅ አድርገን አሰርናት። ግድቡ ግን ክረምት ላይ ውኃ ያጠራቅማል። ሐይቁ ከፍ ሲል ጀልባዋ አብራ ከፍ ማለት ነበረባት። ገመዱ አላፈናፈናትም። አፍንጫዋን ወደ ታች ይዞ አስቀራት፣ ውኃው በፊት በኩል ገባ። እንጨቱም ራሱ ተውጦ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ገመድ ነው። ከፊት በቀኝና በግራ፣ ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብሎ ከፍታ ላይ ካለ ጠንካራ ነገር ጋር ይታሰራል። ለውኃው መጨመር የሚሆን ትርፍ ርዝመት ይተዋል። ከኋላ ደግሞ መልህቅ ይጣላል፣ ዳሩን እየደበደበች እንዳታድር።

የገመዱ ዓይነትም ነገር አለው። እኛ የተጠቀምነው ያንን ርካሹን የፕላስቲክ ገመድ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ብዙም አይለጠጥም። ናይለን ግን ይለጠጣል፤ ማዕበሉ ድንገት ሲጎትት ያለዝበዋል። ገመዱ ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር የሚፋተግበትን ቦታ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልሉት። ወፍራም ገመድ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሲታሽ ካደረ ጠዋት ክር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ድንጋይ የሞላ ማዳበሪያን መልህቅ ማለት

እውነቱን ለመናገር ሁላችንም እናደርገዋለን። ለጸጥታ ቀን ይበቃል። ግን ድንጋይ ውኃ ውስጥ ይቀልላል። 30 ኪሎው ሲጠልቅ ወደ 19 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጀልባዋን የሚገፋት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ማዳበሪያው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ አብሯት ይሄዳል።

ጥርስ ያለው መልህቅ ይሻላል፣ ከወፍራም ፌሮ የተበየደም ቢሆን። እሱም ቢሆን ገመዱ አጭር ከሆነ ወደ ላይ እየተነቀለ ይወጣል። ለወጀብ ቢያንስ የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ልቀቁለት። ጥልቀቱ 3 ሜትር ከሆነና ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ከውኃው ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ፣ ወደ 25 ሜትር ማለት ነው። ያን ጊዜ ጉተታው አግድም ይሆንና ጥርሱ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል።

ነፋሱን ፈርቶ ዝናቡን መርሳት

የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው አላስረዳም። ሒሳቡን ብቻ ልንገራችሁ። አምስት ሜትር በአንድ ተኩል የሆነች ክፍት ጀልባ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድባት 300 ሊትር ትይዛለች። ሦስት ኩንታል ቡና እንደ መጫን ነው። ልዩነቱ ቡና ከተጫነበት አይነቃነቅም፤ ውኃ ግን ጀልባዋ ባዘነበለች ቁጥር ወደዚያው ጎን ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ማዕበልም ይገለብጣታል።

እኛ ሸራ አልብሰናት ነበር። ይሄም ሌላ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ሸራው መሀሉ ረግቦ ኩሬ ሠራ፣ ጠርዙ ደግሞ ነፋስ እየያዘ ጀልባዋን ይጎትት ነበር። ሸራ ከተጠቀማችሁ መሀል ላይ እንጨት አጋድሙለት፣ እንደ ቤት ጣሪያ ተዳፋት ይሁን፣ ዙሪያውንም ወጥራችሁ እሰሩት። ያንን ካልቻላችሁ ባይኖር ይሻላል።

የብስ ላይ ናት ብሎ መተማመን

ከባድ ዝናብ ሲመጣ የሚሻለው ጎትቶ ማውጣት ነው። ግን የት? ከውኃው ሁለት እርምጃ ርቆ ከሆነ ሐይቁ መጥቶ ይወስዳታል። ባሕር ዛፍ ሥር ከሆነ ቅርንጫፉ ይወድቅባታል። ከፍ ያለ ገላጣ ቦታ ፈልጉና አፏን ወደ መሬት ደፍታችሁ አስቀምጧት። ከዚያ በካስማ እሰሯት። ቀላል ጀልባ ባዶዋን ስትሆን ነፋስ ከሥር ገብቶ ያነሳታል፣ እንደ ቆርቆሮ። መድፋት ካልቻላችሁ አፍንጫዋን ከፍ አድርጉና የታችኛውን መውረጃ ውታፍ ንቀሉት፤ ውታፉን ግን እዚያው ጀልባዋ ላይ እሰሩት። የኛ ውታፍ አንዴ የጓደኛዬ ኪስ ውስጥ ሆኖ ጅማ ገብቷል።

ሞተሩን፣ ባትሪውንና የነዳጁን ጀሪካን ይዛችሁ ግቡ። ከጎረቤት ጀልባ ጋር ጎን ለጎን የምታስሩ ከሆነ መሀሉ አሮጌ ጎማ አንጠልጥሉ።

ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ መሮጥ

እዚህ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ስለዚህ ሥራው የጠዋት ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግን ገመዱ ተፈታም አልተፈታም ወደ ውኃው አትሂዱ። ክፍት ውኃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የእናንተ ጭንቅላት ነው። ዛፍ ሥርም አትጠለሉ። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፣ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ።

የኛዋን ለማውጣት አምስት ሰውና ግማሽ ቀን ፈጀ። ውኃውን የቀዳነው አፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ነው። ያ ጀሪካን አሁን በሲባጎ ታስሮ መቀመጫው ሥር ይኖራል። ገመዱን ግን ቀይረነዋል።