ሞተር ከጠፋ በኋላ የሚሰማውን ድምፅ እንዴት መለየት ይቻላል?

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ጨርሶ ሐረር የገባ መኪና ሞተሩ ስለጠፋ ብቻ ወዲያው ዝም አይልም። ከሥሩ ጠቅ ጠቅ የሚል፣ ከፊቱ የሚነፍስ፣ አንዳንዴም እንደ ሽሮ የሚንተከተክ ድምፅ ያሰማል። አብዛኛው የጤና ነው፤ የትኛው የጤና፣ የትኛው የብልሽት መሆኑን ለመለየት ግን ከድምፁ ዓይነት ይልቅ የቆየበትን ጊዜ መያዝ ይበልጥ ይረዳል ባይ ነኝ።

ስለዚህ በመጀመሪያ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ሬዲዮውን ዘግተው ሞተሩን ያጥፉና ሰዓትዎን ይመልከቱ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ይህን ማድረግ ቀላል ነው፤ መጋላ ሰፈር ግን ባጃጁ አያሰማም። ድምፁን በስልክ መቅዳትም አይርሱ፤ ጋራዥ እስኪደርሱ ድረስ ጠፍቶ መካኒኩ ፊት መሟገት የብዙዎቻችን ዕጣ ነውና። ቀጥሎ መኪናውን ዞረው ድምፁ ከፊት፣ ከሥር ወይስ ከጎማ እንደሚመጣ ይለዩ።

ከሥር የሚሰማው ጠቅ ጠቅ ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫው ነው። አንድ ሜትር የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲቀንስ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ቱቦው፣ ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሳጥን) እና የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮው እኩል ስለማይቀዘቅዙ እርስ በርስ እየተጎተቱ ይጮኻሉ። ድምፁ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ከዚያ እየራቀ ሄዶ ይጠፋል። ያው ድምፅ ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳም የሚሰማ ከሆነ ግን ጭሱ በማገናኛው በኩል እያመለጠ ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

ከፊት የሚነፍሰው የራዲያተሩ ቬንትሌተር (ማራገቢያ) ነው። በብዙ መኪኖች ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እስከ 10 ደቂቃ ቢዞር አያሳስብም። ከሩብ ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ሞተሩ ሳይሞቅ የሚዞር ከሆነ፣ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ተጣብቆ ወይም የሙቀት ሴንሰሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው አልቆ ጠዋት ግፉልኝ ማለት ይመጣል። ቬንትሌተሩ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ድንገት መዞር ሊጀምር ስለሚችል እጅዎን አያስጠጉ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው መንተክተኩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የውኃ ፓምፑም አብሮ ስለሚቆም በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ የቀረው ሙቀት ባለበት ያለውን ውኃ ያግለዋል። ንጹሕ ውኃ በድሬዳዋ ከፍታ፣ ማለትም በ1,200 ሜትር ገደማ፣ በ96 ዲግሪ ይፈላል፤ ሐረር ላይ ደግሞ 94 ገደማ በቂ ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ መያዙና ከውኃው ጋር የሚቀላቀለው ኩላንት ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውኃው ይፈላል፣ ወደ መጠባበቂያው ጋን እየተገፋ ይንቦጨቦጫል። የእኔው መኪና እንዲህ ሲሆን አንድ መካኒክ ቴስታታው ካልተከፈተ ብሎኝ ነበር፤ አዲስ ክዳን ገዝቼ ስገጥም ድምፁ በዚያው ቀረ። አሮጌውን ክዳን በጥፍሬ ስነካው ጎማው እንደ ደረቅ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ይህን ለመመርመር ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ፤ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ሲጨብጡት ቀዝቅዞ ለስላሳ ካልሆነ ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ፤ የታመቀው ውኃ ፈንቅሎ ወጥቶ ፊት ያቃጥላል። ከቀዘቀዘ በኋላ የክዳኑን ጎማና የውኃውን መጠን ይዩ፤ ጎድሎ ከሆነ በኩላንት ይሙሉና ለሁለት ቀን ይከታተሉ። የሚፈስበት ሳይታይ እንደገና ከጎደለ፣ በዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ የቴስታታው ጋስኬት (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ስለሚጠረጠር መኪናውን ሳይነዱ መካኒክ መጥራት ይሻላል።

ቁልፉ ተነቅሎም ሞተሩ እየተንገጫገጨ መሥራቱን ከቀጠለ፣ ይህ እንደ ሐረር የድሮዎቹ ፔጆ 404 ባሉ ባለካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል የድሮ ዕቃ ያላቸው) መኪኖች የተለመደ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የግለው ካርቦን ቤንዚኑን ያለ ካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። ፍሬኑን በደንብ ረግጠው ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ ይጠፋል። ከዚያ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ማስቀነስና ካርቦኑን ማስጠረግ ያስፈልጋል። በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ደግሞ መኪናው ከቆመ 5 ሰዓታት ያህል ቆይቶ ከኋላ አንድ ትንሽ ፓምፕ ይጮኻል፤ የቤንዚን ትነት ማምለጡን ራሱ እየመረመረ ስለሆነ ሌሊት ሰምተው ሌባ ነው ብለው ጎረቤት አይቀስቅሱ።

በመጨረሻ ከፍሬን ፔዳሉ አካባቢ የሚሰማ ሽሽታ አለ። የኤር ኮንዲሽነር ሽሽታ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል፤ ይህኛው ግን ፔዳሉን ለመርገጥ የሚያግዘው የፍሬን አጋዥ ቀዳዳ አበጅቶ አየር ሲስብ የሚሰማ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከጠፋ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ፔዳሉን ይርገጡ፤ ጤነኛ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ርግጫዎች ለስላሳ ናቸው፣ ከዚያ ይጠነክራል። በመጀመሪያው ርግጫ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ አጋዡ ቫኪዩም (ከአየር የተራቆተ ባዶነት) አይይዝም ማለት ነውና ወደ ድሬዳዋ የሚመለሱ ከሆነ የደንገጎን ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት እዚያው ሐረር ያስጠግኑት።