ደሴ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ስታስተክሉ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

"ደሴ ብርድ ናት፣ ሶላር ምን ይሠራል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ብርዱ እውነት ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ግን ማሞቂያው የሚፈልገው የፀሐይ ጨረር እንጂ ሞቃት አየር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጣት የሚያደነዝዘው የጠዋት ብርድ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል። ማሞቂያው ሥራውን የሚሠራው ያኔ ነው። ተተክሎ አልሞቅ ያለ ማሞቂያ ካያችሁ ፀሐይዋን ከመውቀሳችሁ በፊት ቧንቧውን፣ ሮቶውንና የተሰቀለበትን ቦታ እዩ።

ስለ ውሃው ሳያስቡ ማሞቂያውን መግዛት

ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ መስታወት ቱቦ፣ ግፊት የማይችለው ዓይነት ነው። ረከስ ስለሚል ብዙ ሰው እሱን ይገዛል፣ ክፋት የለውም። ታንከሩ ግን ከመንገድ የሚመጣውን ውሃ በቀጥታ አይችልም። ከሱ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሮቶ በራሱ ክብደት የሚወርድ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። ሮቶው መሬት ላይ ከሆነ ወይም ከማሞቂያው እኩል ከተቀመጠ ታንከሩ በደንብ አይሞላም። ሻጩ "አብሽር፣ ይሠራል" ይላችኋል። ይሠራል፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሮቶው ሲያልቅ የታንከሩ ውሃ በቀዝቃዛው መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ በወጥ ቤት ቧንቧ ሊወጣ ይችላል። መግቢያው ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይግባ የሚባለው ለዚህ ነው። ማሞቂያው ከደረቀ በኋላ ባዶው ቱቦ ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። እኩለ ቀን ላይ "ውሃ መጣ!" ተብሎ ሮቶው ሲሞላ ቀዝቃዛው ውሃ የጋለው መስታወት ውስጥ ይገባል፣ ቱቦውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከቼክ ቫልቩ ጋር በእጅ የሚዘጋ ቫልቭም ይጨመር። ውሃ ሲጠፋ ዝጉት። ሲመጣ እስኪመሽ ጠብቁ፣ ወይም ቱቦዎቹን በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ በደንብ ከቀዘቀዙ በኋላ ክፈቱት።

ሙቁን ከጣሪያ፣ ቀዝቃዛውን ከመንገድ መስመር ማገናኘት

እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። ሰው ታጥቦ ሲጨርስ የሚክሰሩን ሁለቱንም መክፈቻ እንደተከፈቱ ይተውና የእጅ ሻወሩን ብቻ ይዘጋል። የመንገዱ ውሃ ግፊት ከጣሪያው ስለሚበልጥ ቀዝቃዛው ውሃ በሙቁ መስመር ሽቅብ ይወጣል። ታንከሩ ጢም ይላል፣ ከዚያ በመተንፈሻው በኩል ጣሪያው ላይ መፍሰስ ይጀምራል። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዝናብ መስሏችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ግቢው ረጥቧል፣ ታንከሩ በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቷል፣ የወሩ የውሃ ሂሳብም አብጦ ይመጣል። የተጠራው ባለሙያ ወጥቶ አይቶ "ታንከሩ ተበስቷል" ቢል አትገረሙ። ታንከሩ ደህና ነው። ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ ሮቶ ሲመጡ ችግሩ ይጠፋል፣ ሻወር ላይ ሙቀቱን ማመጣጠንም ይቀላል።

የፋብሪካውን እግር እንዳለ ተክሎ መሄድ

ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ በደቡብ። ሙቅ ውሃ አብዝታችሁ የምትፈልጉት ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሩት። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ዘንበል ማለት ይበቃዋል፣ የፋብሪካው እግር ከዚህ የተለየ ከሆነ ይስተካከል። ቆርቆሮው ላይ አጋድሞ መተው ግን አይሆንም፣ የሞቀው ውሃ ከቱቦው ወደ ታንከሩ የሚወጣው በተዳፋቱ ነውና።

ጦሳ ግርጌ ያላችሁ ለየት ያለ ስሌት ያስፈልጋችኋል። ተራራው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጥላው ቶሎ ይደርስባችኋል። ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብሉት፣ የጠዋቷን ፀሐይ ይያዝ። ከመትከላችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ውጡና የጎረቤት ፎቅና ባሕር ዛፍ ጥላቸው በስንት ሰዓት የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ገና እየተሠራ ያለ ፎቅ ካለም ስንት ወለል እንደሚሆን ጠይቁ።

ክብደቱን መናቅ

200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው። ታንከሩና ብረቱ ገና አልተጨመረም። ሶሌታ ካላችሁ አትጨነቁ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ግን ክብደቱ ማገሩ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ወይም ከመሬት በተነሳ የብረት ማማ ላይ ይረፍ። ቆርቆሮ የግድ የሚበሳ ከሆነ በሞገዱ ጫፍ ላይ ይበሳ፣ ጎማም ይግባበት። ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የተበሳ ቆርቆሮ ሐምሌ ላይ ኮርኒሱን ያበሰብሰዋል።

መተንፈሻውን መድፈን

ከታንከሩ አናት ላይ እንፋሎት ሲወጣ ያየ ሰው "ሙቀቱ እየባከነ ነው" ብሎ ቡሽ ይወትፍበታል። ኧረ በፍጹም! ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቤተሰቡ ሁለት ቀን ዘመድ ጥየቃ ቢሄድና ፀሐይዋ ብትበረታ እዚያ ሊደርስ ይችላል። ማምለጫ ያጣ እንፋሎት ታንከሩን ያፈነዳዋል። ውሃ ሲወርድ አየር ካልገባ ደግሞ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል።

ቧንቧ ላይ መቆጠብ

ተራ ፒቪሲ ለሙቅ ውሃ አይሆንም፣ ይለሰልሳል። ለሙቅ የተሠራ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ይሻላል፣ ከታንከሩ የሚወጣው የመጀመሪያው አንድ ሁለት ሜትር ግን የብረት ቧንቧ ቢሆን ይመረጣል። ርቀቱንም አስቡበት። 20 ሜትር ርዝመት ባለው ባለ 25 ሚሊ ፒፒአር ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይቀመጣል፣ ሻወር በከፈታችሁ ቁጥር ያ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድሞ ይፈሳል። ማሞቂያው ለመታጠቢያ ቤቱ ቅርብ ይሁን። ውጭ ያለው ቧንቧም ስፖንጅ ይልበስ።

መብራቱን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መተው

አብዛኛው ታንከር ለደመና ቀን የሚሆን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገጠምለታል። 2,000 ዋት ከሆነ 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ለብቻው ብሬከር፣ 2.5 ሚሊ ሽቦና እውነተኛ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) ያስፈልገዋል። ውሃ ላይ ስለሆነ በኧርዝ ቀልድ የለም። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ከተከፈተ ደግሞ ይቃጠላል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ለሱብሂ ውዱእ ወይም ለማለዳ ቅዳሴ ሙቅ ውሃ የሚፈልግ ቤት ጠዋት ሲነቃ ይከፍተውና ረስቶት ይወጣል። ውሃው በመብራት ከሞቀ በኋላ ፀሐይዋ ስትወጣ የምታሞቀው ነገር አይኖራትም፣ መብራቱን ግን ከፍላችኋል። ደመና በዋለበት ቀን ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ክፈቱትና አጥፉት። ደህና ታንከር ሙቀቱን ያሳድራል። አምስት ሰው ላለበት የደሴ ቤት ከ200 ሊትር በታች አትግዙ፣ የማታው ተጣቢ ለጠዋቱ ሰው አያተርፍለትም።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነገሩ ይገላበጣል። ከተማዋ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሚገባው ውሃ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ለዚያው ቤተሰብ 150 ሊትር ሊበቃ ይችላል፣ የመብራቱ ማሞቂያም ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ነው። እዚያ የሚያሰጋው ከመጠን በላይ መሞቁ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት መጀመሪያ ቀዝቃዛው፣ ቀጥሎ ሙቁ ይከፈት።

"ሂት ፓምፕ አይሻልም ወይ?" የሚል ጥያቄም ይመጣል። ከአየሩ ሙቀት ሰብስቦ ከሚበላው መብራት ሦስት እጥፍ ገደማ ሙቀት ስለሚሰጥ ጎበዝ ዕቃ ነው። ግን ኮምፕረሰር አለው፣ መብራት ወጣ ገባ በሚልበት ሰፈር ኮምፕረሰር አይበረክትም። ለሆቴል ቢሆን እሺ። ለግቢ ቤት ገና ይመስለኛል።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ትርፍ ቱቦና ጎማቸውን አብራችሁ ግዙ። ቱቦዎቹ ውፍረታቸው 47 ወይም 58 ሚሊ ነው፣ ርዝመታቸውም ይለያያል። የእናንተን ልክ ለክታችሁ ታንከሩ ላይ በቀለም ጻፉት፣ አንዱ ሲሰበር ተመሳሳዩን ለመፈለግ ይጠቅማችኋል።