ልጆች ዘንድ ልትጠጉ ነው? ቤቱን ለመሸጥ አትቸኩሉ

ከፍሎሪዳ ወይም ከአሪዞና ነቅላችሁ ሚኒሶታ የልጅ ልጆች አጠገብ ለመኖር ያሰባችሁ ጡረተኞች፣ መጀመሪያ ከጃንዋሪ እስከ ማርች እዚያው ቤት ተከራይታችሁ ሞክሩት። በሳመር ሄዶ መወሰን ያታልላል፤ በሐምሌ የማያምር ከተማ የለም። በረዶ የጋገረው የእግረኛ መንገድ ላይ መራመድ ትችሉ እንደሆነ፣ ልጆቹም ከሥራ መልስ ስንት ማታ ብቅ እንደሚሉ ያኔ ይለያል።

ለማሰብ ጊዜ አላችሁ፦ ከሽያጩ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ውስጥ ቤቱ የራሳችሁ ሆኖ 2 ዓመት ከኖራችሁበት፣ እስከ 250,000 ዶላር ትርፍ (ባልና ሚስት ታክስ አብረው ካሳወቁ እስከ 500,000) ከፌዴራል ታክስ ነፃ ነው። ስለዚህ ከወጣችሁ በኋላም ወደ 3 ዓመት ገደማ ፋታ ይኖራችኋል። ካከራያችሁት ግን በዲፕሪሲዬሽን (በቤቱ እርጅና ስም በየዓመቱ ከኪራይ ገቢ ላይ) የተቀነሰው ታክስ አለበት።

ኦሪጅናል ሜዲኬር (መንግሥት በቀጥታ የሚሰጠው የአረጋውያን የጤና መድን) የትም ግዛት ይሠራል። አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ከሆነ ግን በአካባቢ የታጠረ ስለሆነ ሳትነሡ ደውላችሁ ጠይቁ።

ከሁለት አንዳችሁ የዕለት ተዕለት አስታማሚ የምትፈልጉ ከሆነ ሙከራው ይቅር፤ በቀጥታ ግቡ።