ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ሲገዙ ከፋይሉ ይጀምሩ

ሱቅ ገብተው «ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን ኮምፒውተር» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስልዎት ጥያቄ «አይ5 ይሁን አይ7?» የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ ተመርቶ የገዛ ሰው ይከስራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አይ7-6700 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) በ2022 ከወጣው አይ5-12400 ጋር አይወዳደርም፤ በአሮጌው ላይ የአዲሱን ስልክዎን ቪዲዮ ታይምላይን (ክሊፖች በተራ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ሲያስቀምጡ ምስሉ ቆሞ ድምፁ ብቻውን ይሄዳል። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለዩቲዩብ ወይም ለአጭር ፊልም የሚሆን የቤት ኮምፒውተር የሚመረጠው ስልክዎ ወይም ካሜራዎ ከሚጽፈው ፋይል ተነስቶ ነው።

ፋይሉን ይመርምሩ

ሚዲያኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ያገኙት ኮምፒውተር ላይ ይጫኑና ከስልክዎ የቀዱትን አንድ ቪዲዮ ይክፈቱበት። አራት ነገር ይጻፉ፦ ኮዴኩ (ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ) ኤች.264 ነው ወይስ ኤች.265 (ኤችኢቪሲ የሚባለውም ይኸው ነው)፤ 8 ቢት ነው ወይስ 10 ቢት (10 ቢት ብዙ የቀለም ደረጃ ይይዛል)፤ የቀለም አያያዙ 4:2:0 ነው ወይስ 4:2:2 (4:2:2 የበለጠ የቀለም ዝርዝር ይይዛል)፤ ፍሬም ሬቱ (በሰከንድ የሚቀረጹት ምስሎች ብዛት) ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ።

ኤች.264 በ8 ቢት ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ደህና የሆነ ኮምፒውተር ሁሉ ይችለዋል። ከአይፎን 12 ወዲህ ያሉ አይፎኖች ግን ኤችዲአር (ብርሃንና ጥላን በሰፊው የሚይዝ አቀራረጽ) በርቶ ሲቀርጹ 10 ቢት ኤች.265 ይጽፋሉ። ሶኒ ኤ7 ፎርን የመሳሰሉ ካሜራዎች ደግሞ እስከ 10 ቢት 4:2:2 ይሄዳሉ፤ ብዙ ኮምፒውተር የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤች.265 ቦታ የሚቆጥበው እያንዳንዱን ምስል ሙሉ ለሙሉ ስለማያስቀምጥ ነው። በየተወሰነ ርቀት አንድ ሙሉ ምስል ይይዛል፤ በመካከል ያሉት ከጎረቤታቸው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ፊልም ለማየት ይህ ችግር የለውም። ኤዲት ሲያደርጉ ግን አንድ ቦታ ላይ በዘለሉ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ምስል ፈልጎ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ መፍታት አለበት። ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል ቺፑ ውስጥ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ከሌለ ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ምስሉ ይቆራረጣል።

ፕሮሰሰር

በኢንቴል በኩል 10 ቢት 4:2:0 ኤች.265ን በሃርድዌር መፍታት የተጀመረው በ7ኛው ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው። 4:2:2 ከፈለጉ በዴስክቶፕ ከ11ኛው ጄኔሬሽን በታች አይውረዱ። ይህን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ስለሆነ ስሙ በ«ኤፍ» የሚያልቅ ፕሮሰሰር አይግዙ። አይ5-12400ኤፍ ከአይ5-12400 ትንሽ ይረክሳል፤ የሚረክሰው ግራፊክሱ ስለተዘጋ ነው። ለጌም ተጫዋች ጥሩ ግዢ ነው፣ ለእርስዎ አይደለም።

የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ለዋጋቸው ጠንካራ ናቸው፤ ለስልክ ቪዲዮና ለ8 ቢት ካሜራ እንመክራቸዋለን። 4:2:2 ኤች.265 ለሚቀርጽ ግን ኢንቴል ይቀድማል። ከግራፊክስ ካርዶች መካከል የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 50 ተከታታይ 4:2:2ን ይፈታል፤ የ30ው እና የ40ው ግን አይፈታም።

ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሌላም ወሰን አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። በቴሌግራም ቻናሎች «አይ7፣ ራም 16» ተብሎ የሚለጠፈው ብዙ ኮምፒውተር 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይጠይቁ፤ 6700 ከሆነ 6ኛ፣ 8700 ከሆነ 8ኛ፣ 12400 ከሆነ 12ኛ ነው።

ሌላው ዕቃ

ራም 16 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ 4ኬ ከሠሩ 32 ይሁን። አንድ ባለ 32 ከመግዛት ሁለት ባለ 16 ይግዙ፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ፍጥነታቸው ይጨምራል፣ ልዩነቱም ከፕሮሰሰሩ ጋር ባለው ግራፊክስ ለሚሠራ ሰው ጎልቶ ይታያል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ መጀመሪያ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል ይወቁ። አራት የራም ማስገቢያ ያለውን ማዘርቦርድ ካገኙ ኋላ ለመጨመር ይመቻል።

ዲስክ ላይ ሂሳቡን በፋይልዎ ይሥሩት። አይፎን 4ኬ በ30 ፍሬም በኤች.265 ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በሰዓት 10 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ ደግሞ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ ሠርግ ላይ ሦስት ሦስት ሰዓት ከቀረጹ 270 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው፤ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ገና ዊንዶውስ ሳይጫንበት አለቀ። ስለዚህ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ) ኤስኤስዲ ለዊንዶውስና አሁን ለሚሠሩት ሥራ፣ 4 ቴራባይት ተራ ሃርድ ዲስክ ለተጠናቀቀው። ተራው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ቢያነብም ከሦስት ቦታ በአንዴ ሲጠየቅ ፍጥነቱ ይሞታል፤ ማከማቻ እንጂ መሥሪያ አይደለም።

ግራፊክስ ካርድ በመጨረሻ ይምጣ። መቁረጥ፣ ማያያዝ፣ ድምፅ ማስተካከልና ጽሑፍ ማስገባት ብቻ ከሆነ ሥራዎ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ይበቃል። የቀለም ሥራ፣ ኖይዝ ማጥፋትና ኢፌክት ሲበዛ ካርድ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ከሞዴሉ ዝና ይልቅ ሜሞሪውን ይዩ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም በ4ኬ ታይምላይን ላይ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ይዞ ሲሠራ የካርዱ ሜሞሪ ሞላ የሚል መልእክት አውጥቶ ሊቆም ይችላል። 8 ጊጋባይት ይሻላል፤ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ እስካሁን ለቤት ሥራ የሚከበር ነው።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ሰው ገንዘብ የሚቆጥብበት ምክንያት አይገባንም። አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት፣ አይ5-12400 ቢበዛ 117 ዋት ይወስዳሉ፤ ሌላው ተደምሮ ከ350 ዋት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ስሙ የታወቀ፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (ኃይል የማያባክን መሆኑን የሚያሳይ ደረጃ) የተጻፈበት ባለ 550 ዋት በደንብ ይበቃል። ኬዙ ጋር በነጻ የሚመጣው «750 ዋት» የተለጠፈበት ቀላል ሳጥን ግን ሙሉ ጭነት ሲመጣበት ይዘጋል፣ ሲብስ ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል። ቀለም እየቀያየረ ለሚበራ ፋን የሚያወጡትን እዚህ ላይ ያውሉት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የምትገኘው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ፊት ለፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ አይምረጡ። ወንፊት ያለው፣ ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ ፋን የሚይዝ ይሁን።

ሞኒተር 24 ኢንች፣ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት)፣ ኤስአርጂቢን (መደበኛውን የስክሪን የቀለም ክልል) መቶ በመቶ የሚሸፍን ይበቃል። ቲኤን የተባለው ዓይነት አንገትዎን ባዘነበሉ ቁጥር የፊት ቀለም ስለሚለዋወጥበት ቀለም አይታረምበትም።

ላፕቶፕ፣ ማክ ሚኒ ወይስ ከውጭ የሚመጣ?

በተመሳሳይ ገንዘብ ዴስክቶፕ ይበረታል፣ ሲበላሽም በክፍል ይጠገናል። የላፕቶፕ ትልቁ ጥቅም መብራት ሲጠፋ አለመጥፋቱ ነው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የማይገዙ ከሆነ ላፕቶፕ ይግዙ።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ ዕቃ ልላክ ካለ ለሻንጣ የሚመቸው የአፕል ትንሽ ዴስክቶፕ የሆነው ማክ ሚኒ ኤም4 ነው። ትንሹ ሞዴል 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ኤች.265ንና ፕሮሬስን (የአፕል የኤዲቲንግ ኮዴክ) በሃርድዌር ይፈታል፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ሜሞሪው ኋላ አይጨመርም፣ ስለዚህ 24 ወይም 32 ከፈለጉ መጀመሪያውኑ ያዝዙ። 256 ጊጋባይቱ ስለሚያንስ በዩኤስቢ-ሲ የሚሰካ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ አብሮ ይምጣ።

ከአሜሪካ የሚመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ሳይሰኩት በፊት ጀርባውን ይዩ። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። 115 ላይ እንዳለ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ከተገናኘ በሰከንድ ውስጥ ይፈነዳል። ከአሜሪካ ዩፒኤስ ማስመጣት ደግሞ ከንቱ ነው፤ የ120 ቮልት ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ቪዲዮ በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ዴስክቶፑ ላይ ገልብጠው ያጫውቱት። ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ጂፒዩ የሚለውን ይጫኑ፤ «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለው መስመር ከፍ ብሎ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ዝቅ ካለ ቺፑ ሥራውን ይዞታል። ዲኮዱ ዜሮ ሆኖ ሲፒዩው 90 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ያ ኮምፒውተር ለእርስዎ ፋይል አይሆንም። እዚያው ገጽ ላይ «ዴዲኬትድ» የሚለውን ሜሞሪ ያንብቡ። «8 ጊጋ ግራፊክስ አለው» የሚሉ ሻጮች ብዙ ጊዜ ከራም የሚበደረውን «ሼርድ» የተባለውን ይቆጥራሉ።

ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ የግራፊክስ ካርዱን ማንነት ይናገራል፤ ስሙ ተቀይሮ በአዲስ ካርድ መልክ የሚሸጥ አሮጌ ኤንቪዲያ ሲያገኝ ሐሰተኛ መሆኑን ጽፎ ያወጣል። በመጨረሻ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረጉ ሙቀቱን በኤችደብሊውኢንፎ ይከታተሉ። 95 ዲግሪ ደርሶ ፍጥነቱ ከወረደ ወይ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ደርቋል ወይ ፋኑ ደክሟል፤ ሁለቱም ይስተካከላሉ፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀሙበት።

ቤት ሲደርስ

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርድ ቅንብር) ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒ የሚለውን የራም ፍጥነት ቅንብር ያብሩ፤ አለበለዚያ 3200 ብለው የገዙት ራም በዝቅተኛው ፍጥነት ሲሠራ ይኖራል። የግራፊክስ ካርድ ከገጠሙ አንዳንዱ ማዘርቦርድ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ራሱ ያጠፋዋል፤ «አይጂፒዩ መልቲ-ሞኒተር» የሚለውን ያብሩት፣ 4:2:2ን የሚፈታልዎት እሱ ነውና። የሞኒተሩ ገመድ ግን ካርዱ ላይ ይሰካ። ከኤንቪዲያ የጌም ሳይሆን «ስቱዲዮ» የተባለውን ድራይቨር ይጫኑ።

ስለ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ቀድመው ይወቁ። ነጻው በ4ኬ ኤክስፖርት ያደርጋል፣ ለቤት ሥራም ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም በዊንዶውስ ላይ 10 ቢት 4:2:2 ኤች.265ን አያስተናግድም፤ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ኤች.264ንም ኤች.265ንም አይከፍትም። የሚከፈልበት ስቱዲዮ 295 ዶላር ነው፣ ክፍያውም አንዴ ብቻ ነው። መክፈል ካልፈለጉ ሸተር ኢንኮደር በተባለው ፕሮግራም ፋይሉን ወደ ዲኤንኤክስኤችአር (ለኤዲቲንግ የተሠራ ኮዴክ) ይቀይሩት፤ ቦታ ይበላል እንጂ ኤዲት ሲደረግ ይፈስሳል። ኬደንላይቭና ሾትካት የተባሉት የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ ነጻ ናቸው፤ ለመጀመር አያሳፍሩም።

የስልክ ቪዲዮ ፍሬም ሬቱ ተለዋዋጭ ከሆነ ረጅም ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፅና ከንፈር ቀስ በቀስ ይለያያሉ። መጀመሪያ ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም «ኮንስታንት ፍሬምሬት» መርጠው ይለውጡት። የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት ክሊፕ ከማስገባትዎ በፊት ይወስኑ፤ ሪዞልቭ ክሊፕ ታይምላይን ላይ ከገባ በኋላ ይቆልፈዋል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል ሥር የሚቀረጽ ሁሉ በ25 ፍሬም፣ ሹተሩ (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ሆኖ ቢቀረጽ አይብለጨለጭም።

ኮምፒውተሩ አሁንም ከከበደው ፕሮክሲ ያሠሩት፦ ባለ 1080 ቅጂ ላይ ይቆርጣሉ፣ ኤክስፖርት ሲሆን ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ይመለሳል። አንድ ሰዓት ፕሮክሲ በሰከንድ 36 ሜጋቢት 16 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። የአማርኛ ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ የመረጡት ፎንት ፊደላችን የለውም ማለት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭነው ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱት።

ዩፒኤሱ 1000 ቪኤ ይሁን። ቪኤ ዋት አይደለም፤ 1000 ቪኤ የተባለው ብዙ ጊዜ 600 ዋት ነው የሚሸከመው። ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ብቻ ይሰኩበት፤ ፕሪንተርና ማንቆርቆሪያ አይገቡበትም። የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት እንጂ ኤክስፖርት ለመጨረስ አይደለም። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፤ መብራት ሳይጠፋ ሶኬቱን ነቅለው በየጥቂት ወሩ ይሞክሩት፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው ብቻ ይቀየር።