መጽሐፉ ሳያልቅ ለአሳታሚ የሚቀርብ ፕሮፖዛል እንዴት ይዘጋጃል?

ልብወለድ ከሆነ አሳታሚ አብዛኛውን ጊዜ ማየት የሚፈልገው ያለቀ ረቂቅ ነው። ኢ-ልብወለድ ላይ ግን ብዙዎቹ መጽሐፉ ሳይጻፍ በፕሮፖዛል ይወስናሉ፣ ስለዚህ 300 ገጽ ጽፋችሁ ወገባችሁ ከመቆረጡ በፊት መጀመሪያ እሱን አዘጋጁ።

መነሻው አንድ አንቀጽ ነው። መጽሐፉ ምን ይላል? ለምን አሁን? ለምንስ እናንተ? በአንድ አንቀጽ አልገባ ካለ ሐሳቡ ገና አልበሰለም።

ከዚያ አንባቢው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ለሁሉም ሰው ይሆናል» ማለት ለማንም አይሆንም እንደማለት ነው። ስለ እንቅልፍ የምትጽፉ ከሆነ «እንቅልፍ ላጣ ሁሉ» ከምትሉ «ሌሊት ተረኛ ሆነው አድረው፣ ጠዋት መጋረጃ ዘግተው ለመተኛት ለሚታገሉ ነርሶችና ጥበቃዎች» በሉ። አርታኢው ሰውየው ፊቱ ድቅን ይልበታል።

ተመሳሳይ መጻሕፍትም ይጠየቃሉ። ከ4 እስከ 6 ይበቃሉ፣ ቢቻል በቅርብ ዓመታት የወጡ። «እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም» እንዳትሉ፤ አርታኢው ወይ በደንብ አላሰሱም ወይ ገበያ የለውም ብሎ ነው የሚያልፈው። የሌላውን ሥራ ማጣጣልም አያምርም፣ እሱ የት እንዳቆመና እናንተ ከየት እንደምትቀጥሉ አሳዩ።

ስለራሳችሁ ስትጽፉ ዲግሪ አትደርድሩ፣ ርዕሱን የሚነካው ይበቃል። ለየምዕራፉም ይዘቱን የሚናገር አጭር አንቀጽ ጻፉ። ናሙና ምዕራፉ ላይ ግን አትሰስቱ (እኔ ግማሹን ጊዜ የማጠፋው እዚያ ላይ ነው)። መግቢያውን ሳይሆን ጠንካራውን ምዕራፍ ላኩ፤ መግቢያ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ችሎታ አያሳይም።

ከመላካችሁ በፊት የአሳታሚውን መመሪያ አንብቡ። ፒዲኤፍ አልቀበልም ካለ ፒዲኤፍ አትላኩ።