ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው፦ ለቤተሰብ ካምፕ መኝታ ስትመርጡ

ወንጪ ያደርንበትን ሌሊት ቤታችን ውስጥ እስካሁን እናነሳዋለን። አራት ሆነን ነው የሄድነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመቱ ልጃችንና የ5 ዓመቷ ታናሹ። ድንኳኑ ጥሩ ነበር። ብርድ ልብስ ደራርበናል፣ ጋቢም ይዘናል። የተኛነው ግን ወፍራም የአየር ፍራሽ ላይ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን የሚነፋው ዓይነት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ትንሿ እየተንቀጠቀጠች «ጀርባዬን በረደኝ» አለችኝ። የራሴን ጋቢ ደረብኩላት። ምንም ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ ሁላችንም መኪና ውስጥ ገብተን አነጋን።

ያን ሌሊት ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚመጣው። ብርድ ልብስ የሚያሞቀው በክሩ መሀል አየር ስለሚይዝ ነው። ስንተኛበት ደግሞ በሰውነታችን ክብደት ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል፣ ስለዚህ ከስራችን ያለው ብርድ ልብስም ሆነ የስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) ጀርባ ብዙም አይጠቅመንም። ሳሎን የሚነፋው የአየር ፍራሽስ? አየርማ ሞልቶታል፤ ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ አየሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ነገር የለም። በተገላበጥን ቁጥር ይናወጣል፣ ሙቀታችንን ይዞ ወደ መሬቱ ያደርሳል። ውፍረት ሙቀት አይደለም። መኝታ ስትመርጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ያዙ።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የት ነው የምታድሩት የሚለውን ወስኑ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ተኩል ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ላንጋኖ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ 3,600 ሜትር ያልፋል። ልዩነቱ 13 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ደግሞ መሬቱ ውርጭ ይይዛል። ባሌ ውስጥ ሳነቴ ከዚህም ይብሳል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ላንጋኖ ላይ ተመችቶን ያደርንበት ፍራሽ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንቃበር ላይ አይሆንም ማለት ነው።

የካምፕ ፍራሾች ላይ «አር ቫልዩ» (R-value) የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ። ፍራሹ ሙቀታችን ወደ መሬት እንዳይሄድ ምን ያህል እንደሚከለክል ይነግራል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይበልጥ ያሞቃል። ለላንጋኖና ለአዋሽ ከ1 እስከ 2 ይበቃል። ለወንጪ ወይም ለመናገሻ ሱባ ጫካ 3 ወይም 4 ፈልጉ። ለሰሜንና ለባሌ ከ4 በታች ባትወርዱ ይሻላል፣ 5 ቢሆን ደግሞ እሰየው። ድሮ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነበር የሚለካው። አሁን ግን ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ኤፍ 3340 (ASTM F3340) የሚባል የጋራ መለኪያ አለ፣ ስለዚህ መግለጫው ላይ ይህንን ካያችሁ የሁለት ድርጅቶችን ቁጥር ያለ ስጋት ማወዳደር ትችላላችሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና ፍራሽ ልታስመጡ ካሰባችሁ «ጥሩ ፍራሽ አምጣልኝ» አትበሉ፤ ቁጥሩን ንገሩት።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ቁጥሩ ይደመራል። 2 የሆነ ፎም ላይ 2 የሆነ ሌላ ፍራሽ ብትደርቡ 4 ታገኛላችሁ። ለቤተሰብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ለየቦታው አዲስ ፍራሽ መግዛት አይጠበቅባችሁም፣ ያላችሁን ትደራርባላችሁ።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንምጣ። እኔ ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው መጀመሪያ የምመክረው ውሃ የማይመጥጠውን ፎም ነው፤ የሚጠቀለለውን ወይም እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን። አይፈነዳም፣ መንፋት አይፈልግም፣ ልጆች ቢዘሉበትም ምንም አይሆንም። 2 ሳንቲ ገደማ ውፍረት ያለው አር ቫልዩው 2 አካባቢ ነው። ችግሩ ጠንከር ማለቱ ነው፣ በጎኑ ለሚተኛ ትልቅ ሰው ዳሌና ትከሻ ላይ ይቆረቁራል። የዮጋ ምንጣፍ ይመስላል ግን አንድ አይደለም፣ አብዛኛው የዮጋ ምንጣፍ ግማሽ ሳንቲ ገደማ ስለሆነ ለብቻው አይበቃም።

ተራ ስፖንጅስ? ብዙዎቻችን የምንጀምረው በእሱ ነው፣ መኪና ካለ ምንም ክፋት የለውም። ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። በጉልበታችሁ ተንበርከኩበት፤ ጉልበታችሁ ወለሉን ከነካ ዳሌያችሁም ሌሊት መሬቱን ይነካል። ሁለተኛ፣ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል፣ ስለዚህ ከስሩ ላስቲክ ወይም ሸራ ሳታነጥፉ እንዳትተኙ። አንዴ ከራሰ በማግስቱም አይደርቅም።

ሦስተኛው በውስጡ ስፖንጅ ያለው ራሱን የሚነፋ ፍራሽ ነው። ቫልቩን ስትከፍቱት ስፖንጁ እየተነፋ አየር ይስባል፣ ትንሽ ትጨምሩበትና ትዘጉታላችሁ። በመኪና ለሚሄድ ቤተሰብ ከዚህ የሚሻል አላየሁም፤ ስፖንጁ አየሩን ይዞ ስለሚያቆመው ይሞቃል፣ ይመቻልም። ትንሽ ይከብዳል። በእግርና በበቅሎ ለሚሄድ ደግሞ ቀለል ብሎ የሚታጠፍ፣ ውስጡ ሙቀት መያዣ የገባበት የአየር ፍራሽ አለ። ሳሎን ከሚነፋው ዘመዱ ጋር እንዳታምታቱት፣ መለያው ያው አር ቫልዩው ነው። ምንም ቁጥር ካልተጻፈበት ለደጋ አትመኑት።

የቤታችንን አጎዛም አትናቁት። የበግ ፀጉር አየር ስለሚይዝና በቀላሉ ስለማይጨፈለቅ ፎም ላይ ሲነጠፍ ግሩም ነው፤ እኛ አሁን ለልጆቹ ሁሌ እንይዛለን። ሰሌንና ጅባ ግን ከእርጥበትና ከአቧራ ይከላከላሉ እንጂ ብዙም አያሞቁም፣ ከስር ይሁኑ። ገጠር ስንሄድ ሣር ጎዝጉዞ መተኛት የለመድነው ነው፣ ፓርክ ውስጥ ግን ሣር አይታጨድም።

ቀጥሎ ማን ምን ላይ ይተኛ የሚለው ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይገዛል፣ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው። 20 ኪሎ የሆነ ልጅ ፍራሹን አይጫነውም፤ 2 ወይም 3 ሳንቲ ፎም ይመቸዋል። ትንሽ ሰውነት ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ለልጅ ውፍረት ሳይሆን ሙቀት ግዙለት። ወፍራሙን ለራሳችሁ አድርጉት፣ በጎኑ የሚተኛ ሰው ከ7 ሳንቲ በላይ ያስፈልገዋል። ሕፃን ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ በአየር የሚነፋ ነገር ላይ አታስተኙት። ከ15 ወር በታች የሆነ ልጅ ፊቱ ለስላሳው ነገር ውስጥ ሰጥሞ ወይም ከጎን ተሸጉጦ ሊታፈን ይችላል። ጠንካራ፣ ለጥ ያለ ፎም ላይ፣ ለብቻው ይተኛ።

የባለቤቴ እናት አንድ ጊዜ ላንጋኖ አብረውን መጥተው ነበር። የቸገራቸው መተኛቱ ሳይሆን ከመሬት መነሳቱ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው ታጣፊ አልጋ ያዙ፤ ግን ከስሩ ነፋስ ስለሚያልፍ ላዩ ላይ ፎም ካልተነጠፈ ከመሬቱ እኩል ይበርዳል።

ድንኳኑን ለኩ። መደበኛው ፍራሽ ወርዱ 51 ሳንቲ ነው፣ ሰፊው 63 ገደማ። አራት መደበኛ 204 ሳንቲ ይሆናል፣ አራት ሰፊ ግን 252፤ «የአራት ሰው» የተባለ ብዙ ድንኳን ይህን አይችልም። ባለ ሁለት ሰው ፍራሽም ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ውስጡ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነሳል። ለሁለት የተከፈለውን ምረጡ።

ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ ቤት ሞክሩት። ንፉትና አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ሳሎን ወለል ላይ በጎናችሁ ተኙበት፣ አንድ ሰው እጁን ከፍራሹ ስር ከዳሌያችሁ ትይዩ ያስገባ፤ አጥንታችሁ ከተሰማው ወይ አየር ጨምሩ ወይ ሌላ ፍራሽ ፈልጉ። እንደ ከበሮ አትወጥሩት ግን፤ ተኝታችሁበት ትንሽ ትንሽ አስተንፍሱት፣ ሰውነታችሁ ጎድጎድ ብሎ ሲቀመጥ ዝጉት። በአፍ ከመንፋት ፓምፕ ይሻላል፣ ትንፋሽ እርጥበት ያስገባል። ማታ ሲቀዘቅዝ አየሩ ስለሚኮማተር ፍራሹ ይለሰልሳል፣ ተበሳ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ጨምሩበት። ቀን ፀሐይ ላይ ደግሞ ቫልቩን ሳትከፍቱ አትተዉት፤ አየሩ ተለጥጦ ስፌቱን ሊከፍተው ይችላል።

ላንጋኖ ላይ ትልቁ ጠላት የግራር እሾህ ነው። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቦታውን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ሸራ አንጥፉ፣ ካላችሁ ፎሙን ከስር፣ የሚነፋውን ከላይ አድርጉ። ከተበሳ የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው። አድርቁት፣ አብሮት የመጣውን መለጠፊያ አድርጉበት። እሱ ከጠፋባችሁ ጎሚስታ ጋ የሚገኘው የብስክሌት ካላማዳሪ መለጠፊያ ለጊዜው ሊያዘልቃችሁ ይችላል።

ቤት ስትመለሱ ራሱን የሚነፋውን ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት። ስፖንጁ ተጨፍልቆ ከቆየ መንፋት ያቆማል። ዘርግታችሁ፣ ቫልቩን ከፍታችሁ፣ አልጋ ስር አስገቡት።